ሥሩ ቢጫ፣ ጫፉ ብርቱካናማ ሆነብኝ

ፀጉሬ ጥቁር ነው፣ ትከሻዬን ያልፋል። ከ4 ወር በፊት ቤት ውስጥ ጥቁር ቡኒ ቋሚ ቀለም ተቀባሁና በጣም አማረብኝ። ስለዚህ ሃይላይቱንም (ከፀጉሩ የተወሰነውን ዘለላ ማንጣት) ራሴው ልሥራው አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ የብሊች ዱቄቱን ከ9 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጋር በጥብጬ ከሥር እስከ ጫፍ በአንዴ ቀባሁት። በፎይል ጠቅልዬ 40 ደቂቃ ቆየሁ። የራስ ቆዳ ሙቀት ሥሩን ቶሎ እንደሚያነጣው አላሰብኩም። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል የሙዝ ልጣጭ መሰለ። የድሮው ቀለም ያለበት ደግሞ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ሆኖ ቀረ።

ሐምራዊ ሻምፑ ሁለቴ ሞከርኩ። ሥሩ ትንሽ ረገብ አለ፣ ጫፉ ግን ፍንክች አላለም። ለካ ሐምራዊ የሚያጠፋው ቢጫን ነው፤ ለብርቱካናማ ሰማያዊ ነው የሚያስፈልገው።

ከቀለሙ በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ትናንት ከጫፉ አንዲት እርጥብ ፀጉር ሳብ ሳደርግ እንደ ማስቲካ ተለጠጠች፣ ስለቃትም አልተመለሰችም። ስንት ዓመት ያሳደግኩት ፀጉር ነው፣ ተቆርጦ እንዲያልቅብኝ አልፈልግም። ሳሎን ልሄድ አስቤ ነበር፤ ሌላ ዙር ብሊች እንዳይጨምሩበት ፈራሁ።

ብርቱካናማው ላይ ብቻ ከአሞኒያ ነፃ የሆነ ሰማያዊ ቶነር (የነጣ ፀጉርን ቀለም የሚያስተካክል ቅብ) ቤት ውስጥ ብቀባ፣ እንዲህ የተጎዳ ፀጉር ይችለዋል ወይስ ምንም ሳልነካው ለባለሙያ ላቆየው?