በደብረ ማርቆስ የልጆች ቴኳንዶ ሥልጠና እንዴት ቢደራጅ ይዘልቃል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ ወጣቶችን ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ አሠለጥናለሁ። ከመጪው ክረምት ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 13 ዓመት ለሆኑ ልጆች ራሱን የቻለ ሥልጠና ለመክፈት አስቤአለሁ። ያገኘሁት አዳራሽ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ያለኝ ንጣፍ ከግማሽ በላይ አይሸፍንም። የሚያሳስበኝ ልጆችን መመዝገቡ ሳይሆን ማቆየቱ ነው፤ ሰኔ መጨረሻ ላይ አዳራሽ የሚያጣብቡ ልጆች መስከረም ሲጠባ ወደ ትምህርታቸው ይመለሱና ነጭ ቀበቷቸውን እንደታጠቁ ይቀራሉ። ከወላጆችም አንዱ «ልጄን ተደባዳቢ ታደርግብኛለህ» ብሎ ሲሰጋ፣ ሌላው በአንድ ዓመት ጥቁር ቀበቶ እንዲታጠቅለትና ኦሎምፒክ እንዲደርስለት ይጠብቃል። ስለ ዕድሜ ክፍፍሉ፣ ስለ ፍልሚያውና ከወላጅ ጋር ስለሚኖረኝ ግንኙነት ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 (አሠልጣኝ፣ ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ በእኔ እይታ የልጆች ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው የአዋቂዎቹን ትምህርት አሳጥሮ ለልጅ ከመስጠት የተነሣ ነው። የ6 ዓመቱ ልጅ ከ13 ዓመቱ ጋር በአንድ ሰልፍ ሲቆም ትንሹ ይፈራል፣ ትልቁ ይሰለቻል። ስለዚህ ቢያንስ ከ6 እስከ 8 እና ከ9 እስከ 13 ብለው በተለያየ ሰዓት ይክፈሏቸው። ለታናናሾቹ ከ40 ደቂቃ አይለፉ፤ ከዚያም ውስጥ ሲሶውን ለሩጫ፣ ለሚዛን መጠበቅና ለአወዳደቅ ጨዋታ ይተዉት።

ቾንጂን (የመጀመሪያውን ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተደረደሩ እንቅስቃሴዎችን) ምሳሌ ላድርግ። 19ኙን እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ሕፃን ላይ መጫን ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ልብ ብለው ካዩት የመጀመሪያዎቹ 8 እንቅስቃሴዎች የታች መከላከልና ቡጢ በአራቱ አቅጣጫ የሚደጋገሙባቸው ናቸው፤ ቀጥለው ያሉት 8ቱ መከላከሉን ወደ መካከለኛው ከፍታ ከማምጣታቸው በቀር ያንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ የቀሩት 3ቱ ቡጢዎች ናቸው። ወለሉ ላይ በጠመኔ የመስቀል ቅርጽ ሥለው የመጀመሪያዎቹን 8 ብቻ ለሳምንታት ቢያለማምዷቸው፣ ልጁ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ የሚያሳየው አንድ የተጠናቀቀ ነገር ይኖረዋል። ቀበቶው በዚህ ላይ ሲመጣ ነው ትርጉም የሚኖረው። ከነጭ ተነሥቶ ጥቁር እስኪደረስ 10 ጉፖች (ደረጃዎች) በባለ መስመር ቀበቶ ተከፋፍለው ስላሉ፣ ወላጅን ለማስደሰት ተብሎ የሚዘለል ደረጃ ሊኖር አይገባም።

ረዳት ከየት ላምጣ ካሉ፣ ጎጃም ለዚህ ባዳ አይደለም። በቅኔ ቤት የኔታ ጀማሪውን ሁሉ ብቻቸውን አይዙም፤ አስነጋሪው (የበሰለው ተማሪ) ከጀማሪው ጋር ይደክማል። እርስዎም ከወጣቶችዎ መካከል ትዕግሥት ያላቸውን መርጠው (በፍልሚያ ጎበዝ የሆነው ሁሉ ለልጅ አይሆንም) ጥቂት ጥቂት ልጆች ያስይዟቸው። ሲሚንቶው ላይ የዝላይ ርግጫ አያሠሩ። የጤፍ ጭድ የታጨቀበት ጆንያ ለመርገጫ ያገለግላል፤ ንጣፉን ግን ለመውደቂያ ይቆጥቡት። በሐምሌ ብርድ ባዶ እግር ስለሚቆሙ ማሟሟቂያውን ያስረዝሙ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅዎ ስለማይሰማም ትእዛዝን በእጅ ምልክት ያስለምዷቸው። በመጨረሻም በዓመት ሁለት ጊዜ የፍልሚያ ውድድር ቢያዘጋጁ ልጁም ይነቃቃል፣ ወላጅም ይሰበሰባል።

መልስ 2 (መምህርትና የልጆች እናት፣ ፍኖተ ሰላም)

ልጆቹ መስከረም ላይ የሚጠፉት ሁልጊዜ ፍላጎት አጥተው አይደለም፤ ሰዓቱ አልገጥም እያላቸው ነው። ትምህርቱ በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ የልጁ ፈረቃ ሲለወጥ የእርስዎ ሰዓት ካልተለወጠ ልጁ መቅረቱ የማይቀር ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ጎራ ብለው ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ይነጋገሩ፤ ለእያንዳንዱ ፈረቃ የሚሆን ሰዓትም ይዘው ይቅረቡ። በዐቢይ ጾም ከ7 ዓመት በላይ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ሳይበሉ ሊመጡ ስለሚችሉ፣ በዚያ ወቅት ሩጫውንና ዝላዩን ቀንሰው በፓተርንና በመለጠጥ ላይ ቢያተኩሩ ማንንም ሳያስከፉ ሥልጠናው ይቀጥላል።

ሴቶች ልጆችን በተመለከተ፣ ሥልጠናው ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ቢያልቅና አንዲት ሴት ረዳት ብትኖር ብዙ እናቶች ይፈቅዳሉ። ወላጅ በፈለገ ጊዜ ገብቶ የሚቀመጥበት አግዳሚ ከበሩ አጠገብ ያኑሩ፤ «ተደባዳቢ ይሆንብኛል» የሚለው ሥጋት በቃል ከሚሰጥ ማረጋገጫ ይልቅ ልጁ ለጓደኛው ሲሰግድና ተራውን ሲጠብቅ በማየት ይለዝባል። አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ያረፈደን ወይም የረበሸን ልጅ በዱላ መምታትም ሆነ በቡጢ አቋም እስኪዝል ፑሽአፕ ማሠራት በአንዳንድ አዳራሾች እንደ ሥነ ሥርዓት ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን ራስዎ ብቻ ሳይሆኑ ረዳቶችዎም ከመጀመሪያው ቀን ሊያውቁት ይገባል።

መልስ 3 (የቀድሞ ተወዳዳሪ፣ ዳንግላ)

ከመልስ 1 በውድድሩ ሐሳብ አልስማማም። ጁዶ የተወለደባት ጃፓን እንኳ በ2022 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አገር አቀፍ የግል ውድድር በፌዴሬሽኗ በኩል ሰርዛለች፤ ምክንያቱም ወላጆችና አሠልጣኞች ከልጁ ዕድገት ይልቅ ማሸነፉን ማስቀደማቸው ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለልጆች ንክኪ የሌለበት ሥልጠና የተሻለ መሆኑን፣ የራስ መከላከያ ቆብም ከአንጎል መናወጥ ያድናል ተብሎ ሊታመንበት እንደማይገባ ገልጿል። በእኛ ስልት ቡጢ ወደ ራስ ስለሚሰነዘር ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። ከ9 ዓመት በታች ፍልሚያ ባይኖር፣ ከዚያ በላይም አስቀድሞ ስምምነት የተደረገበት የአንድ እርምጃና የሦስት እርምጃ ልምምድ ቢቀድም፣ ነጻ ፍልሚያ ሲመጣ ደግሞ ራስ ፈጽሞ ባይነካ እመርጣለሁ።

ስለ ኦሎምፒኩ ለወላጅ እውነቱን ይንገሩ። ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከሲድኒ ጀምሮ ሜዳሊያ የሚሰጠው ከኢንተርናሽናሉ በተለየው በወርልድ ቴኳንዶ ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሰሎሞን ቱፋም በቶኪዮ 2020 በ58 ኪሎ ግራም የተወዳደረው በዚያው ሕግ ነው። እርስዎ የሚያሠለጥኑት ኢንተርናሽናሉን ስለሆነ፣ ይህን በምዝገባው ዕለት የሰማ ወላጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ተታለልኩ አይልም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዕድሜ ክፍፍሉንና የፈረቃውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ክፍያውንና ዶቦኩን (የሥልጠና ልብሱን) እንዴት ላድርገው? ሁለትና ሦስት ልጅ ያለው ወላጅ ይከብደዋል።

መልስ 1 (አሠልጣኝ፣ ባሕር ዳር)

የዳንግላው ወንድማችን ስለ ትንንሾቹ የተናገረው ትክክል ነው፤ ለእነሱ የፓተርንና የሚዛን ትርኢት ብቻ በወላጅ ፊት ቢቀርብ ይበቃል። ለ12ና ለ13 ዓመቶቹ ግን ራስ የማይነካበት ውድድር ጉዳት አለው ብዬ አላምንም። ክፍያውን በወር ያድርጉት እንጂ የዓመት በአንድ ጊዜ አይቀበሉ፤ ወላጅ በየወሩ ሲከፍል እርስዎም ማን እንደቀረ ወዲያው ያውቃሉ። ለሁለተኛው ልጅ ግማሽ ያስከፍሉ። ዶቦክን በተመለከተ፣ ልጁ የመጀመሪያውን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ በቱታና በካናቴራ ይሥራ፤ ከዚያ በኋላም ቁመቱ የጨመረ ልጅ የጠበበውን ለታናሹ የሚያስረክብበትን መዝገብ ከአሁኑ ቢከፍቱ መልካም ነው።