ከአርኪካድ ወደ አውቶካድ የላክሁት ፕላን ፊደሉ ጠፋ፣ ልኩም ተዛባ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ አርክቴክት፣ ፍኖተ ሰላም

እንዴት ዋላችሁ። የአንድ ጂ ፕላስ 2 ሕንፃ ንድፍ አርኪካድ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ጨርሻለሁ። ምድሩ ሱቅ ነው፣ ከላይ መኖሪያ። ስትራክቸሩን፣ ማለትም ሕንፃውን የሚሸከመውን አካል ንድፍ፣ የሚሠራልኝ ልጅ ባሕር ዳር ነው ያለው። እሱ ጋ ያለው ሌላው የንድፍ ፕሮግራም፣ አውቶካድ 2010 ነው፤ አዲስ ልጫን ቢል ማሽኑ አይችልም። መጀመሪያ እንዲሁ ሴቭ አድርጌ በቴሌግራም ላክሁለት፣ አልከፈት አለው። «ወደ ቆየ ቨርዥን አውርድልኝ» አለኝ። ከዝርዝሩ በጣም አሮጌውን፣ የ2000ውን መርጬ ላክሁ። ተከፈተ፤ ግን ጉዱ ያኔ ጀመረ።

«መኝታ ቤት»፣ «ማድ ቤት»፣ «ሱቅ 1» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፕላኑን እሱ የራሱ ፋይል ውስጥ ሲያስገባው ደግሞ በጣም ያንሳል፣ ዙም ካላደረገ አይታይም። የግድግዳው ሀች (ውስጡን የሚሞላው የመስመር ጥለት) ተበታትኖ ቁርጥራጭ መስመር ሆኗል፣ ማሽኑን ቀጥ ያደርግበታል።

ባለቤቱ ክረምት ሳይገባ መሠረት ማስቆፈር ይፈልጋል። ያለ ስትራክቸር ደግሞ ፈቃድ የለም። አንዳንዱ ሰው «አይኤፍሲ አድርገህ ላክ» ይለኛል፤ የሕንፃ ሞዴል መለዋወጫ ፋይል ነው። እውነት እሱ ይሻላል?

መልስ፦ ድራፍተር፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ ሁሉም የሚስተካከል ነው። ከፊደሉ ልጀምር፣ እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። በአማርኛ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። ንድፍ እኮ ለኢንጂነር ብቻ አይደለም፤ ግንበኛውም አናጺውም ሳይት ላይ ዘርግቶ የሚያነበው ነው። ስለዚህ «ተወው፣ በእንግሊዝኛ ጻፈው» የሚልህን አትስማ።

የአውቶካዱ ዲደብልዩጂ ፋይል ዩኒኮድ (ግእዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዝ ኮድ) መያዝ የጀመረው ከ2007 ቨርዥን ወዲህ ነው። የ2000ው ግእዝን በቀጥታ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሌላ ፕሮግራም ወደዚያ ሲያወርድ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ለአውቶካድ 2010 የሚበቃው የ2010 ቨርዥን ነው። ከዚያ በታች አትውረድ።

ለማረጋገጥ ልጁ አንዱን ጥያቄ ምልክት ጠቅ ያድርግና ፕሮፐርቲስ ይክፈት። «ኮንተንትስ» በሚለው መስመር ላይ «መኝታ ቤት» ተብሎ ከተነበበ ጽሑፉ አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው። እዚያም ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ጽሑፉ የለም። የትኛውም ፎንት አይመልሰውም፣ እንደገና መላክ ነው። የአንተ ይኼኛው ይመስለኛል።

የፎንት ጉዳይ ብቻ ከሆነ ስታይል ውስጥ ገብቶ ይቀይረው። ሮማንስን የመሳሰሉት የአውቶካድ የራሱ የኤስኤችኤክስ ፎንቶች ግእዝ አያውቁም። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላን ይምረጥ። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ኒያላ ካልተጨመረ ላይኖር ይችላል፣ ኢብሪማ ግን አለ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ንድፍ ከመጣባችሁ ግን ፎንት መቀየር ብቻውን አይበቃም። ከስሩ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ በኮንቨርተር ማሳለፍ ወይም መልሶ መጻፍ ነው።

ልኩ ይቀላል። አርኪካድ ላይ ለዲደብልዩጂ የምትጠቀምበት ትራንስሌተር (የፋይል መቀየሪያ ቅንብር) ውስጥ ድሮዊንግ ዩኒት የሚል አለ። አንተ ጋ 1 ሜትር ላይ ሳይሆን አይቀርም። 4.20 ሜትር የሆነች ክፍል 4.2 ሆና ትወጣለች፣ እሱ በሚሊሜትር ስለሚሠራ የሚጠብቀው 4200 ነው። ወደ ሚሊሜትር ቀይረውና ላክ። አሁኑኑ ከቸኮለ ሁሉንም መርጦ ከ0,0 በ1000 ስኬል ያድርገው። ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ከሆነባችሁ ደግሞ መሐል ኢንች ገብቷል ማለት ነው። ስትፈትሹ በር አትለኩ። የሕንፃውን ረጅሙን የውጭ ጎን ለኩ፤ ትንሽ ስህተት በር ላይ አትታይም።

ሀቹ ሀች ሆኖ እንዲቀር እዚያው ትራንስሌተሩ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ግን ለስትራክቸር ሀች ምን ያደርግለታል? ከዕቃው፣ ከዛፉና ከመኪናው ጋር ሌየሩን (የንድፉን ንብርብር) አጥፍተህ ላክ። ሴቭ የምታደርገውም ለኅትመት ከሚዘጋጀው ገጽ ከሌይአውት ሳይሆን ከራሱ ከፎቅ ፕላኑ ይሁን።

አይኤፍሲ ጥሩ ነገር ነው፣ የአይኤስኦ መለያ አለው፣ 16739። ግድግዳው ግድግዳ፣ ኮለኑ (ምሰሶው) ኮለን ሆኖ ይሻገራል። ዲደብልዩጂ ላይ ሁሉም መስመር ነው። ግን የሚጠቅመው ተቀባዩም በሞዴል ሲሠራ ነው። አውቶካድ 2010 ላይ ላለ ሰው አይኤፍሲ መላክ ሌላ ራስ ምታት መጨመር ነው።

ከፋይሉ ጋር ደግሞ ፒዲኤፍ ሁሌም ይሂድ። የተዛባ ነገር ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ በዓይኑ ይይዘዋል። ፒዲኤፉ በሌለበት ምን እንደጎደለ በምን ያውቃል?

መልስ፦ ሰርቬየር፣ ባሕር ዳር

ልጄ፣ እህትህ ሁሉንም ብላዋለች፤ አንድ ነገር ልጨምር። ሳይት ፕላኑ ከቶታል ስቴሽን (ከቅየሳ መሣሪያ) የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዩቲኤም ዞን 37 ነው፤ ቦታን በሜትር የሚገልጽ የካርታ ኮኦርዲኔት ማለት ነው። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ምሥራቁ 3 መቶ ሺህ ገደማ፣ ሰሜኑ ደግሞ ከ1.1 ሚሊዮን ሜትር በላይ ነው፤ ሰሜኑ የሚቆጠረው ከምድር ወገብ ነዋ። በሚሊሜትር ስታደርገው ከ1 ቢሊዮን ያልፋል። ሀች የሚዘበራረቀው፣ መስመር የሚንቀጠቀጠው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሬቪት በተባለው የሞዴል ፕሮግራም ላይ ደግሞ ይብሳል። ከውስጣዊ መነሻው 10 ማይል፣ ማለትም 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

መፍትሔው የቦታውን አንድ ማዕዘን ድንጋይ መርጠህ ወደ 0,0 ማምጣት ነው። የድንጋዩን እውነተኛ ኮኦርዲኔት ግን እዚያው ንድፉ ላይ ጻፈው። ያ ቁጥር ከጠፋ ሕንፃውን መሬት ላይ የሚያወርደው ሰው በግምት ነው የሚሠራው። የማዞሪያውን ዲግሪም አትርሳ፣ ፕላኑን ቀጥ ለማድረግ አሽከርክረኸው ከሆነ።

ጠያቂ

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮንተንትስ ላይም ጥያቄ ምልክት ነው ያለው፣ እንዳልሽው። በ2010 ቨርዥን፣ በሚሊሜትር ላክሁለት። ፊደሉ መጥቷል፣ የውጭ ጎኑም 18600 ብሎ ገጥሟል። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትም ልክ ነው፤ ሳይት ፕላኑ ሩቅ ነበር፣ አቅርቤዋለሁ፣ ቁጥሩንም ጽፌያለሁ። አሁን ልጁ «ኢታብስ ላይ ልጫነው» እያለ ነው፤ ስትራክቸሩን የሚያሰላበት ፕሮግራም ነው። ያንኑ ፋይል ልተውለት?

መልስ፦ ድራፍተር፣ ደብረ ማርቆስ

ያንኑ አትስጠው። ለኢታብስ የግሪድ መስመር (ኮለኖቹ የሚሰለፉበት)፣ ኮለንና የስላብ (የኮንክሪት ወለሉ) ጠርዝ ይበቃል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ሌየር። በዲኤክስኤፍ (በንድፍ መለዋወጫ ፋይል) አውጣው፣ ለየፎቁ አንድ ፋይል። ዋናው ነገር የሁሉም ፎቅ መነሻ አንድ መሆኑ ነው፤ ግሪድ ሀ እና ግሪድ 1 የሚገናኙበት በሁሉም ላይ 0,0 ይሁን። ካልሆነ የምድሩ ኮለን ከላይኛው ጋር አይገጥምለትም። ግድግዳ፣ በርና መስኮት አያስፈልገውም፤ የግድግዳውን ክብደት በጭነት መልክ ራሱ ያስገባዋል። የት የት ግድግዳ እንዳለ ከፒዲኤፉ ያየዋል።

ሠርቶ ሲመልስልህ መጀመሪያ የኮለኖቹን መጠን እይ። ከ30 ወደ 40 ሴንቲ ያደገ ካለ የሱቆቹን በር ስፋት እንደገና ለካ፤ የሚቀንሰው ከዚያ ነው። ያንን ለባለቤቱ አሁን ንገረው፣ መዝጊያ ሳያዝዝ።