ሆስፒታል ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ጉንፋን አልለቅ አለኝ

የሌሊት ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕፃናት ዋርድ ነርስ ነኝ። አንዱ ጉንፋን በቅጡ ሳይለቀኝ ሌላው ይተካል፣ ኮቪድም ደጋግሞ ይዞኛል፣ ሰሞኑን ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ አልጋ ላይ ጣለኝ። ቤት ውስጥ «ደምሽ ደካማ ነው፣ ቫይታሚን ውሰጂ» ይሉኛል። ሳኒታይዘር ከኪሴ አይጠፋም። እውነት አቅሜ ተዳክሞ ነው ወይስ ሥራው ነው?

ከላቦራቶሪ፦
ሲስተር፣ ሥራው ነው። ዋናው የጉንፋን ቫይረስ፣ ራይኖቫይረስ፣ ብቻውን ከ100 በላይ ዓይነት አለው፤ ለአንዱ ያገኘሽው መከላከያ ለሌላው ብዙም አይሆንም። ሕፃናቱን ደረታቸውን የሚያፍናቸው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስም አዋቂን እየተመላለሰ ይይዛል፣ ግን ተራ ጉንፋን ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ኮቪድም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ሲመጣ ቀድሞ የታመመውንም የተከተበውንም እንደገና ያዘ። ክትባቱ በዋናነት የሚያድነው ከጽኑ ሕመም ነው።

ሳሙና ይሻላል፦
ትውከቱ ኖሮቫይረስ ከሚባለው የሆድ ቫይረስ ከሆነ ሳኒታይዘርሽ ብዙም አይነካውም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቢ። ከቆመልሽ በኋላም 48 ሰዓት ሥራ አትግቢ (ይሄን ለአለቃ ማስረዳት ከበሽታው ይብሳል)። ጓንት አድርጎ ስልኩን የሚነካካውን ደግሞ ባናነሳው ይሻላል!

ዶክ፦
ሁሉም የሚረሳው የሻይ ክፍሉን ነው። ታማሚ ፊት ተሸፋፍነን እንውልና መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ገብተን፣ ማስክ አውልቀን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራለን፣ ከመሃላችን አንዱ እያነጠሰ «አለርጂ ነው» ይላል። ከባልደረባው በሽታ የሚይዘው ሰው ጥቂት አይደለም። ተራው ማስክ በጎን አየር ያስገባል፤ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ማስክ፣ ኤን95፣ ይሻላል፣ እሱም ፊትሽ ላይ ልክ ከገጠመ ነው።

ከላቦራቶሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በታመምሽ ቁጥር ቀኑንና ዋርድ ውስጥ ምን እንደነበር ጽፈሽ አስመዝግቢ፣ አለበለዚያ «እሷ በሽተኛ ናት» ተብሎ ይቀራል። ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ (በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ) ክትባት ጨርሰሻል? ያልተከተበ ሰው በተበከለ መርፌ ቢወጋ በሄፓታይተስ ቢ የመያዝ ዕድሉ ከኤችአይቪ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከመጨረሻው ክትባት ከ1 እስከ 2 ወር ቆይቶ መሥራቱ በደም ምርመራ ይታያል።

የሌሊት ተረኛ፦
ሦስቱንም ዙር ወስጃለሁ፣ ምርመራውን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ እጠይቃለሁ። ኤን95 ግን «ለቲቢ ክፍል ብቻ ነው» እያሉ አይሰጡንም። እናንተ ጋ ለሕፃናት ዋርድ ይሰጣል?