ከድርቁ በኋላ ያገገመው ካሎ ስንት ጥጃ ይችላል?

ጥያቄ — የያቤሎ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቦቼ በቦረና፣ ከያቤሎ ወጣ ብሎ ባለ ኦላ (መንደር) የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር አባቴ ከ46 ከብቶቹ 9 ብቻ ተረፉለት። በመውለድም በመግዛትም ዛሬ 17 ደርሰዋል። የኦላው ሰዎች ለጥጃና ለደካማ ላም የከለሉት 18 ሄክታር ያህል የግጦሽ መሬት፣ ካሎ የምንለው፣ አለ። ሀገያ፣ የመጸዉ አጭር ዝናብ፣ ዘንድሮ ደህና ስለጣለ ሣሩ አድጓል፤ ጥቁር አፈር ያለበትን ጥግ ግን ፉሌንሳ፣ ያ ጉንዳን የሚኖርበት እሾሃም ግራር፣ ወሮታል።

አሁን ቦና፣ ደረቁ ወቅት፣ ገብቷል፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አልተስማሙም። ግማሾቹ «ሣር ሞልቶ ላሞቹ ለምን ውጭ ይራባሉ?» ይላሉ። አባቴ ለጥጃ ብቻ ይቆይ ባይ ነው። ተምረሃል ተብዬ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን አላውቀውም። ካሎው ስንት እንስሳ ይችላል? ፉሌንሳው ቢቆረጥ ይጠፋል? አባቴ ደግሞ ተበድሮ 10 ጊደር ሊገዛ አስቧል፤ ላበረታታው ወይስ ልከልክለው?

መልስ — ሣር መዛኝ

በግጦሽ መሬት ምርምር ላይ ነው የምሠራው። ሣር በዓይን አይገመትም፤ ረጅም ሆኖ ሳሳ ያለ ሣር ብዙ ሰው ያታልላል። ከአራት እንጨት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማዕዘን ሥሩ። በካሎው ውስጥ እየተራመዳችሁ፣ ጥሩውን ቦታ ሳትመርጡ፣ 20 ጊዜ ያህል ጣሉት። ቁጥቋጦ ላይም ቢያርፍ አትለፉት። ውስጡ ያለውን ሣር ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ፤ ጥላ ላይ በደንብ አድርቃችሁ መዝኑ።

አማካዩ 120 ግራም ቢወጣ ሄክታሩ 1,200 ኪሎ ደረቅ ሣር አለው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለከብት አትቁጠሩት። እኔ በደረቅ አገር ሲሶውን ብቻ ለመብል እይዛለሁ፤ ሌላው ሲሶ በእግር ይረገጣል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ የቀረው ሥሩን አኑሮ አፈሩን ይሸፍናል። ስለዚህ ከሄክታር 400፣ ከ18 ሄክታር 7,200 ኪሎ ይገኛል። እንስሳ በቀን ከክብደቱ መቶኛ ሁለት ተኩል ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። 100 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ለ90 ቀን 225 ኪሎ ይፈልጋል፤ 250 ኪሎ የምትመዝን ላም ከ560 በላይ። በዚህ ስሌት ካሎው 32 ጥጃ ወይም 12 ላም ይችላል። ሁለቱንም ግን አይችልም። ላሞቹ ይግቡ የሚሉት ይህን ልዩነት በቁጥር ቢያዩት ክርክሩ የሚበርድ ይመስለኛል።

ስለ ጊደሮቹ አንድ ነገር ልጨምር። የቦረና ከብት እ.ኤ.አ. በ1983–85፣ በ1991–93 እና በ1998–99 በጅምላ ሲያልቅ ያጠኑት ሰዎች በየጊዜው ከ37 እስከ 42 በመቶው መሞቱን ጽፈዋል። ምክንያቱ የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ዝናቡ የቀረው መንጋው በበዛበት ጊዜ ስለነበር ነው። ድርቁ እየተደጋገመ ባለበት ዘመን መንጋን በዕዳ መሙላት ያስፈራኛል።

መልስ — የዲሬ ሽማግሌ

ልጄ፣ የሣር ሚዛኑ ደግ ነው፤ ጥጃውን አስላበት። የትልቁን ከብት ነገር ግን አጥር ውስጥ አትፈልገው። አባቶቻችን የምትታለበዋን ላም ከቤት አስቀርተው፣ ደረቁንና ጠንካራውን መንጋ ፎራ ብለው ዝናብ ወደጣለበት ይሰዱ ነበር። የላም አጥር እግሯ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ኦላ ካሎውን እያሰፋ የጋራውን መሬት ቆራረጠው፤ የፎራው መንገድም ጠበበ። ይህ ከድርቁ እኩል ያሳዝነኛል።

ፉሌንሳን ቆርጠህ ብትተወው ከጉቶው ብዙ ሆኖ ይነሣል። ድሮ ቦና ሲያልቅ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል እናቃጥል ነበር። በደርግ ዘመን እሳት ከተከለከለ ወዲህ ነው ቁጥቋጦው እንዲህ የበረታው። እሳት ደግሞ ደረቅ ሣር ይፈልጋል፤ የተጋጠ መሬት አይነድም። ስለዚህ አንዱን ጥግ ዘንድሮ ሳታስግጡ ተዉት፤ የዴዳውን (የሰፊውን የጋራ ግጦሽ ክልል) ሽማግሌዎችና ቀበሌውን አስፈቅዱ፤ ዙሪያውን ጥረጉ፤ ነፋስ በሌለበት ቀን አቃጥሉ። ትልልቁን ግራር ቀድማችሁ ቁረጡ። ለጋው ሲያቆጠቁጥ ፍየል ልቀቁበት። ከዓመት ዓመት ካልደጋገማችሁት ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

መልስ — የከብት ሐኪም

ጊደር ከተገዛ ከሩቅ ገበያ የመጣውን ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። አፍተግርና የሳንባ በሽታ በአንድ እንስሳ ገብተው 17ቱንም ሊያዳርሱ ይችላሉ። ከድርቅ የተረፉት ላሞች ሰውነታቸው ካልተመለሰ ኮርማ አይቀበሉም፤ በብድሩ ገንዘብ ለእነሱ መኖ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ — ወይዘሮ ከሞያሌ

እኛ ቤት ከድርቁ በኋላ የመጀመሪያውን ገንዘብ ያገኘነው ከፍየል ነው። ቁጥቋጦ የምትበላ፣ ቶሎ የምትወልድ፣ ለትምህርት ቤት ወጪ የምትሸጥ እሷ ናት። አባትህ በ10 ጊደር ፋንታ 3 ጊደርና ጥቂት ፍየሎች ቢገዙስ? አቅም ያላቸው ጎረቤቶቻችን ግመል ጨምረዋል። ለከብቶቹ ደግሞ በቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጠው መድን አለ፤ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት ለክቶ፣ ከወትሮው በጣም ሲያንስ ይከፍላል። የሞተ ከብት ቆጥሮ አይከፍልም፤ ይህን ሳያውቁ ገዝተው ያዘኑ አይቻለሁ። ሽያጩ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ በጥርና በየካቲት ጠይቁ።

ምላሽ — የያቤሎ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዲሬው አባታችን፣ የፎራውን ነገር ለአባቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና «እውነቱን ነው» አለ። ቅዳሜ ከወጣቶች ጋር 20 ጊዜ ጥለን መዘንን፤ አማካዩ 84 ግራም ሆነ። ሲሶው ከ18ቱ ሄክታር 5,040 ኪሎ ነው፤ ለ22 ጥጃ ይበቃል። በኦላው ያሉት ጥጃዎች ግን 31 ናቸው። ጠንከር ያሉት ዘጠኙ ከእናቶቻቸው ጋር ውጭ እንዲውሉ ተስማማን፤ ላም አይገባም። የፉሌንሳው ጥግ ለእሳቱ ይቆይ የሚለው ግን ገና አልተቋጨም፤ ያንን ጥግ ከዘጋነው ከ22ቱም መቀነስ አለብን። ስንት እንደሚቀነስ የጥጉን ሣር ለብቻ መዝኜ እመለሳለሁ።