በግምገማ ላይ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ሲባል በተግባር ምን ማድረግ ይጠበቃል?

ደብተር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተሰጠኝን ሥራ በሰዓቱ አስረክባለሁ። የግምገማ ቅጹ ላይ ግን «የራስ ተነሳሽነት» በሚለው ረድፍ ሁልጊዜ መካከለኛ ነጥብ ነው የሚሞላልኝ፤ የደረጃ ዕድገቱም እዚያው ላይ ይያዛል። አለቃዬን «ምን ልጨምር?» ስለው «አንተው አስብበት» ይለኛል። ሳላስፈቅድ እስከ የት ድረስ መሄድ እችላለሁ? የጀመርኩት ነገርስ ያለ ክፍያ የዘላለም ሸክም ሆኖብኝ እንዳይቀር ምን ላድርግ?

ሚዛን፦
አምሽቶ መሥራት ትጋት ነው፤ በሌላ ረድፍ ይቆጠርልሃል። ተነሳሽነት የሚባለው ማንም ሳያዝህ ችግር ለይተህ፣ በትንሹ ሞክረህ፣ ለውጡን በቁጥር ስታሳይ ነው።

ለ2 ሳምንት ማስታወሻ ያዝ። የሚደጋገም ጥያቄ፣ ተመላልሶ የሚታረም ሰነድ፣ አንድ ፊርማ እየጠበቀ የሚቆም ሥራ፣ ከአንድ ፋይል ወደ ሌላው በእጅ የሚገለበጥ መረጃ፤ እነዚህን መዝግብ። ከየአንዳንዱ ጎን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥምና ስንት ደቂቃ እንደሚበላ ጻፍ። በየቀኑ 40 ደቂቃ የሚወስድ ሪፖርት በሳምንት 200 ደቂቃ ነው፤ 50 የሥራ ሳምንት ብንቆጥር በዓመት ከ160 ሰዓት በላይ ይሆናል። እንዲህ ሲሰላ አለቃ ጆሮ ይሰጣል።

ከዝርዝሩ ስትመርጥ አንተን የሚያናድድህን ትተህ አለቃህ ለበላዩ የሚጠየቅበትን ውሰድ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ የማኅደር አቀማመጥ ሲያሳምር ይከርማል፣ ማንም ግን ልብ አይለውም።

ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ደግሞ ያለውን ለካ። ከ10 እስከ 20 ጉዳዮች ስንት ቀን እንደፈጁ፣ ስንቱ ለእርማት እንደተመለሰ መመዝገብ ለመነሻ ይበቃል። ይህ ከተዘለለ በኋላ «ተሻሽሏል» ማለት እንጂ ማሳየት አይቻልም፤ የድሮው ቁጥር አንዴ ካመለጠ ተመልሶ አይገኝም።

ከዚያ አንድ ገጽ ጻፍ፦ ችግሩ በቁጥር፣ የምትሞክረው ነገር፣ የሚነካቸው ሰዎች፣ በሳምንት ከሰዓትህ የሚወስደው (ከ2 ወይም 3 ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል)፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ምን ከታየ እንደምታቆመው። ሙከራው በአንድ የሥራ ዓይነት ላይ ለ4 ሳምንት ይሁን። ማቆሚያውን አትርሳ፤ አለቃ እሺ ማለት የሚከብደው መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ሲቀርብለት ነው።

ቀያሽ፦
ሚዛን ያለው ልክ ነው፤ አንድ ገጹ ላይ ግን አልስማማም። ሰነድ የማያነብ አለቃ ብዙ ነው፤ አምስት መስመር መልእክት ይበቃዋል።

ስለ ፈቃዱ፦ የምታደርገው ነገር በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት የሚመለስና የራስህን ሥራ ብቻ የሚነካ ከሆነ አድርገው፣ ከዚያ አሳውቅ። የሌላ ሰው ሥራ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ለአለቃ ከመንገርህ በፊት ባለቤቱን አነጋግር። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሐሳቡ ወርቅ ቢሆንም ሰውየው እንደ ክስ ነው የሚያየው። ገንዘብ፣ ውል፣ ለደንበኛ የሚሰጥ ቃል፣ የሰዎች የግል መረጃ ወይም የኮምፒዩተር ሥርዓት ፈቃድ ካለበት ደግሞ በጽሑፍ እሺታ ሳታገኝ አትጀምር። በመካከለኛው ዓይነት ላይ «ሰኞ እጀምራለሁ፤ እስከ ዓርብ አስተያየት ካለዎት ይንገሩኝ» ማለት ይሠራል። በመጨረሻው ላይ ዝምታ ፈቃድ አይደለም።

ሌላ የሚበላሽ ነገር፦ አዲሱን አሠራር በግል ኮምፒዩተርህ ወይም በራስህ የይለፍ ቃል ላይ አትገንባ። ፈቃድ የወጣህ ዕለት ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ምስጋናው ወደ ወቀሳ ይዞራል።

ጎዳና፦
ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሚካኤል ፍሬዘ ተነሳሽነትን በሦስት ነገር ይገልጸዋል፦ ራስን አስነስቶ መጀመር፣ አርቆ ማየት፣ እንቅፋት ሲመጣ አለመተው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት፣ በቶጎዋ ሎሜ 1,500 ትናንሽ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው ነበር። ይህን አስተሳሰብ የሠለጠኑት ትርፋቸው ካልሠለጠኑት አንጻር በ30 በመቶ ጨመረ፤ የተለመደውን የንግድ ሥልጠና የወሰዱት ዘንድ የታየው 11 በመቶ ነው፣ እሱም በስታቲስቲክስ አስተማማኝ አልነበረም። ነጋዴና ተቀጣሪ አንድ ባይሆኑም ሊሰለጠን የሚችል ነገር መሆኑን ያሳያል። ለአንተ የሚጠቅመው ሦስተኛው ይመስለኛል፦ ከመጀመርህ በፊት ሊያሰናክሉህ የሚችሉ ሦስት ነገሮችን ከነመውጫቸው ጻፍ።

ደብተር፦
አመሰግናለሁ። ሸክም ሆኖ እንዳይቀር ስላልኩትስ?

ሚዛን፦
ከመጀመሪያው ቀን የሚያበቃበት ቀን የተጻፈለት ነገር ሸክም ሆኖ አይከርምም። በ4ኛው ሳምንት የአሠራር መመሪያ በ1 ወይም 2 ገጽ ጻፍ፣ አንድ ባልደረባ አንተን ሳይጠይቅ እንዲሠራበት አድርግ፣ የተደናቀፈበትን ቦታ አስተካክል። ከዚያ ለአለቃህ ሁለት ምርጫ ስጠው፦ ሥራው በሥራ መደብ መዘርዝርህ ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር ይነሳልህ፣ ወይም ለሌላ ሰው ይተላለፍ።

ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ አዲስ ሠራተኛ ማለማመድ ዓይነቱን በተራ እንዲሆን ጠይቅ። ያስመሰግናል እንጂ ለዕድገት ሲቆጠር እምብዛም አይታይም።

ቀያሽ፦
እኔ የምጨምረው ጊዜውን ነው። የዕድገት ጥያቄ ግምገማው በሚካሄድበት ቀን ከተነሳ ዘግይቷል፤ በጀቱም ዝርዝሩም ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያልቃል። ከ2 እስከ 3 ወር ቀደም ብለህ የሚቀጥለውን ደረጃ የሥራ መዘርዝር ከሰው ኃይል ክፍል ውሰድ፣ በየመስመሩ ፊት ለፊት የራስህን ውጤት ጻፍ፣ ባዶ የቀሩትን መስመሮች ይዘህ «እነዚህን ለመሙላት ምን ዓይነት ሥራ ይሰጠኝ?» ብለህ ግባ። «አንተው አስብበት» የሚል አለቃ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይገደዳል። ከሰጠህ በኋላ በዚያው ዕለት በመልእክት አጠቃልለህ ላክለት፤ አለቃ ቢቀየር የሚመጣው ሰው የሚያየው እሱን ነው።