«ባለው ግብዓት» ገበሬው ምን ያምርት?

የሄጦሳው፦ አዳማ ላይ በነበረ ስብሰባ አንድ ባለሙያ «አነስተኛ የስንዴ ገበሬ ባለው ግብዓት ብቻ ምርቱን ማሳደግ ይችላል» ማለታቸውን ሰማሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። አባቴ ዛሬም አርሲ ውስጥ ያርሳል። የትኛው ነው ያለው ግብዓት? ዘግይቶ የሚደርሰው ዩሪያ?

አግሮኖሚስት፦ ወንድሜ፣ ሰውየው ያሉት እውነት ነው። ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ገበሬዎች አንድ ዓይነት ዘርና እኩል ማዳበሪያ ይዘው ምርታቸው በብዙ ኩንታል ይለያያል። ልዩነቱን የሚያመጣው አስተራረሱ፣ የሚዘራበት ጊዜና አረሙ ነው። ስናር የወረረው ማሳ ላይ ማዳበሪያ ብትጨምር የምትቀልበው ስናሩን ነው።

የሄጦሳው፦ «የሚዘራበት ጊዜ» አልክ? ጊዜውንማ ገበሬው ከአንተም ከእኔም በላይ ያውቃል። ማዳበሪያው ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ካልደረሰ በምን ይዝራ? ባለው ይዝራ ነው የምትለኝ?

ዘር አባዥ፦ ዘሩን ረሳችሁት። በ2006 ዓ.ም. ዲጋሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ በሽታ ሲመታው አርሲና ባሌ ላይ ጎበዝ ገበሬም ሰነፍ ገበሬም እኩል ተጎዳ። የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ያወጣል። ግን ተባዝቶ ገበሬው እጅ እስኪገባ ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ ከጎተራው የተረፈውን ይዘራል። እሱ ነው «ያለው»።

አግሮኖሚስት፦ ዋግማ ቶሎ ከታየ መድኃኒት አለው። ማሳን መከታተልም የአሠራር ጉዳይ ነው።

የሄጦሳው፦ መድኃኒቱ በነፃ ነው እንዴ?

የአዳማዋ፦ ቆይ፣ እኔም ልጠይቅ። ከተማችን የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ ሞልቷታል። በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ ተባለ። ታዲያ ዳቦ ለምን አልረከሰም? ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፣ እኛ በውድ እንገዛለን። መሀል ያለው ማነው?

ዘር አባዥ፦ እህቴ፣ ያ የደላላ ጉዳይ ነው፤ ራሱን የቻለ ክርክር ይፈልጋል።

የአዳማዋ፦ አይደለም! ዋጋ ያላገኘ ገበሬ ለከርሞ ግብዓቱን በምን ይገዛል? ይኸው ነው ክርክራችሁ።

አግሮኖሚስት፦ እሺ፣ ዋጋው ላይ እስማማለሁ። ግን አጨዳውን እዩት። ማሳው የተበጣጠሰ ነው። ኮምባይነር የሚያስከፍለው በኩንታል ስለሆነ ሰፊ ማሳ ይመርጣል። ትንሹ ገበሬ ወረፋ ሲጠብቅ ስንዴው ይረግፋል፣ ወይ ዝናብ ያገኘዋል። ኩታ ገጠም ቢገባ ይህ አይደርስበትም።

የሄጦሳው፦ ኩታ ገጠም ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ዝርያ ዝራ ማለት ነው። ያ ዝርያ እንደ ዲጋሉ በዋግ ቢመታስ? አካባቢው በሙሉ በአንድ ወር ባዶውን ይቀራል። ኪሳራውን ማን ይከፍለዋል?

አግሮኖሚስት፦ ተበታትነው ሲዘሩስ ዲጋሉ መች ተረፈ? መልስልኝ።