ክላሲካል ሳክስፎን እየተጫወቱና እየደረሱ መኖር ይቻላል?

የአልቶ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አልቶ ሳክስፎን የምጫወተው ባንድ ውስጥ ነው። ወደ ክላሲካል ዞሬ ለብቻ ሳክስፎን የሚሆኑ ሥራዎች መጻፍ እፈልጋለሁ፤ የጃፓናዊው የሪዮ ኖዳ «ማይ» ዓይነት። ድምፄን ከየት ጀምሬ ላስተካክል? ሲጻፍስ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? እንዲህ ያለ ሙዚቀኛ መተዳደሪያውስ ምንድን ነው?

ሸምበቆ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን መንፊያ) ከሳክስፎኑ አንገት ንቀለውና ብቻውን ንፋው። ለአልቶ ክላሲካል ድምፅ ቱነሩ (የቅኝት መለኪያው) ላ (A፣ 880 ኸርዝ) ማሳየት አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ማውዝፒሱን አጥብቀህ እየነከስክ ነው። ለባንድ የሚመረጠው ማውዝፒስ ብዙውን ጊዜ አፉ ሰፊ ስለሆነ ድምፁ ይበተናል፤ ጠበብ ያለውን ሰልመር ኤስ80 ሲ ስታር ወይም ቫንዶረን ኤኤል3 ጥንካሬው 3 ወይም 3 ተኩል ከሆነ ሪድ (የሚርገበገበው የሸምበቆ ስንጥር) ጋር ሞክር።

ከዚያ የታችኛውን ሲ ቤሞል (B♭) ያዝና ጣትህን ሳታንቀሳቅስ ኦክታቩን (ያንኑ ኖታ ከፍ ብሎ)፣ ቀጥሎ ፋን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ኦክታቭ አውጣ። ሥራው የምላስና የጉሮሮ ቅርፅ ነው። በመንከስ ከወጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቅኝቱም ይሾላል (ከልኩ በላይ ይወጣል)።

ቫይብሬቶ (የድምፁ መርገብገብ) የአገጭ እንቅስቃሴ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርገህ በአንድ ምት አራት ሞገድ፤ እኩል ሲሆንልህ ቀስ እያልክ እስከ 76 ውጣ።

ባዶ ኖታ፦
ስለ መጻፉ እኔ ልጨምር። ኖዳ ራሱ ሳክስፎን ተጫዋች ነው፤ አሜሪካ ከሳክስፎን መምህሩ ፍሬድሪክ ሄምኪ፣ ፈረንሳይ ቦርዶ ደግሞ ከሳክስፎን መምህሩ ዣን ማሪ ሎንዴክስ ዘንድ ተምሯል። የጻፈው ግን የጃፓኑን የቀርከሃ ዋሽንት ሻኩሃቺን እያሰበ ነው። የድምፁ መንሸራተት፣ የትንፋሹ መቆራረጥ፣ ዝምታው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን ሲያመጡ የሄዱበት መንገድ ከዚህ አይርቅም፤ እኔ ብሆን ከእሳቸው ቅጂ ላይ ኖታ በማውጣት እጀምር ነበር።

አልቶ ከተጻፈው በሜጀር ሲክስዝ (በዘጠኝ ግማሽ ድምፅ) ዝቅ ብሎ እንደሚሰማ አትርሳ። ከታችኛው ዶ በታች ያሉትን ድምፆች በጣም ለስላሳ አድርገህ አትጻፍ፤ ወይ ዘግይተው ይነሳሉ ወይ ወደ ኦክታቩ ይዘላሉ። በአንድ የጣት አያያዝ ሁለትና ሦስት ድምፅ አብሮ እንዲወጣ ከፈለግህ አያያዙን ከኖታው በታች ሣል። አንዱ ሳክስፎን ላይ የወጣው ሌላው ላይ ላይወጣ ስለሚችል ቢያንስ በሁለት መሣሪያ ሳታስሞክር አታጽድቀው።

ኳርቴት፦
ስለ ኑሮው፦ ኦርኬስትራ ውስጥ ለሳክስፎን ቋሚ ወንበር የለም ማለት ይቻላል። የራቬል «ቦሌሮ» ሲኖር ይጠሩሃል፣ ከዚያ ትመለሳለህ። ስለዚህ እንጀራው ማስተማር፣ በኳርቴት (በአራት ሳክስፎን ቡድን) መጫወትና አዲስ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ሳክስፎን ተጫዋች ማርሴል ሙል በ1928 እ.ኤ.አ. ኳርቴት አቋቋመ፣ ከ1942 እስከ 1968 ፓሪስ ኮንሰርቫቶር አስተማረ። ሌላው ሳክስፎን ተጫዋች ሲጉርድ ራሸር ደግሞ ደራሲዎችን እየጎተጎተ የሩሲያዊውን የግላዙኖቭን የሳክስፎን ኮንቼርቶ (1934) አስጻፈ። ዛሬ እንደ አውስትራሊያዊው ባሪ ኮክሮፍት የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው የሚያሳትሙም አሉ፤ ለአንተ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ሥራህ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ያለ ፒያኖ ይሁን። አጃቢ መቅጠር ካላስፈለገ ሌሎችም በቀላሉ ፕሮግራማቸው ውስጥ ያስገቡታል። ኖታውን ከጣት አያያዝ ሰንጠረዥና ከጥሩ ቅጂ ጋር አያይዘህ ለመምህራን ላክ።

የአልቶ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማውዝፒሱን ነፋሁት፣ ቱነሩ ሲ (B) ያሳያል።

ሸምበቆ፦
አንድ ሙሉ ድምፅ ሾሏል ማለት ነው። በአንዴ አትጣለው፤ መጀመሪያ ወደ ሲ ቤሞል፣ ሲረጋልህ ወደ ላ። የታችኛው ጥርስህ ከንፈርህን አይጫነው፣ ሪዱን የሚይዘው ዙሪያው ከንፈር ይሁን። አፍህ ሲላላ መላው ሳክስፎን ይወርድብሃል፤ ያኔ መልሰህ እንዳትነክስ፣ ማውዝፒሱን አንገቱ ላይ ባለው ቡሽ ወደ ውስጥ ግፋው።